ያልተከፈተው አባሪ፦ የኢሜይል ፕሮግራሞች አንዳንድ ፋይሎችን ለምን ያግዳሉ?

ጄኔቫ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የእርዳታ ድርጅት የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ጠዋት አውትሉክን ስትከፍት ዙሪክ ከሚገኘው ቅርንጫፍ የተላከ ደብዳቤ ይጠብቃታል። የወረቀት ማያያዣዋ ምልክት አለች፤ ፋይሉ ግን የለም። በቦታው፣ ፕሮግራሙ አደገኛ ሊሆን የሚችል አባሪ ማገዱን የምትገልጽ አንዲት መስመር ብቻ ተጽፋለች። ሠራተኛዋ «አልደረሰኝም፣ በሌላ መንገድ ላክልኝ» ብላ ትጽፋለች። ላኪውም ፋይሉን በዚፕ ጠቅልሎ፣ የይለፍ ቃሉን እዚያው ደብዳቤ ላይ ጽፎ ይልክላታል። አሁን ይከፈታል። ሁለቱም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ይህ በየቢሮው በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ላኪው እውነተኛው የዙሪክ ባልደረባ ከሆነ የጠፋው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ላኪው ሌላ ሰው ከሆነ ግን ሠራተኛዋ ለጥቃቱ የተዘጋውን በር በገዛ እጇ ከፍታለታለች። የኢሜይል ፕሮግራሙ ፋይሉን ያገደው ውስጡ ክፉ መሆኑን አረጋግጦ አይደለም፤ በዓይነቱ ብቻ ፈርጆት ነው። ይህ የጅምላ ፍርድ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚከላከልና የት ላይ እንደሚሸነፍ ማወቅ በተለይ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ኢሜይል ሲፈጠር ጽሑፍ ብቻ ተሸካሚ ነበር። ፎቶግራፍ፣ ድምፅና ሰነድ አብሮት እንዲጓዝ ያደረገው «ማይም» የተባለው ደንብ የታተመው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1992 ነው። ከደንቡ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ናትናኤል ቦረንስታይን በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ለሙከራ የላከው አባሪ፣ እርሱ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሲዘምር የሚያሳይ ፎቶግራፍና የመዝሙሩ ድምፅ ነበር። ደንቡ አንድ ፋይል ምን ዓይነት እንደሆነ ላኪው በደብዳቤው ራስጌ ላይ እንዲገልጽ ይጠይቃል። የላኪው ቃል እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ ግን የለውም። ፖስታ ቤት ጥቅሉ ላይ «መጽሐፍ» ተብሎ የተጻፈውን አምኖ እንደሚያደርሰው ማለት ነው።

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የፋይል ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በስሙ መጨረሻ፣ ከነጥብ በኋላ በሚገኙት ጥቂት የላቲን ፊደላት፣ ማለትም በቅጥያው ነው። ቅጥያው ዲ-ኦ-ሲ-ኤክስ ከሆነ ፋይሉ ለዎርድ ይሰጣል፤ ጄ-ፒ-ጂ ከሆነ ለፎቶ ማሳያ። ኢ-ኤክስ-ኢ ሲሆን ግን ፋይሉን የሚከፍተው ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ፋይሉ ራሱ ፕሮግራም ነውና ይነሣና ሥራውን ይጀምራል። በዚህ ረገድ ቪ-ቢ-ኤስ፣ ጄ-ኤስ፣ ኤስ-ሲ-አር፣ ባት፣ ሲ-ፒ-ኤልና ኤል-ኤን-ኬ ሁሉ ወንድማማቾች ናቸው። አንዳንዶቹ የስክሪን ማሳረፊያ፣ አንዳንዶቹ አቋራጭ ምልክት፣ አንዳንዶቹ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ አካል ይባላሉ እንጂ ሁሉም ሁለት ጊዜ ሲጫኑ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ሰነድ ይነበባል፤ እነዚህ ግን ያዛሉ። የእገዳው ዝርዝር በሙሉ የተመሠረተው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ዓለም የተማረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2000 ነው። ከፊሊፒንስ የተነሣ አንድ ኢሜይል «እወድሃለሁ» የሚል ርዕስና የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል አባሪ ይዞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ክፍለ ዓለማትን አዳረሰ። የፋይሉ ስም የሚያበቃው በቲ-ኤክስ-ቲ ይመስል ነበር፤ ማለትም ተራ ጽሑፍ። እውነተኛው ቅጥያ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ቪ-ቢ-ኤስ ነበር። ዊንዶውስ የሚታወቁ ቅጥያዎችን ለተጠቃሚው እንዳያሳይ ሆኖ ስለተሠራ (ይህ ልማድ ዛሬም አልተለወጠም) የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ከዓይን ተሰወሩ። የከፈተው ሰው በአውትሉክ የአድራሻ መዝገቡ ውስጥ ላሉት ሁሉ ደብዳቤውን ሳያውቅ ያስተላልፍ ነበር፤ ፎቶግራፎቹም በቫይረሱ ቅጂ ይተካሉ። የብሪታንያ ፓርላማ የኢሜይል አገልግሎቱን እስከመዝጋት ደርሷል።

ማይክሮሶፍት በቀጣዩ ወር ለአውትሉክ ያወጣው ማሻሻያ ዛሬ የምናየውን እገዳ ወለደ። ፋይሎች በሁለት ደረጃ ተከፈሉ። አንደኛ ደረጃ የተባሉት ከነጭራሹ አይከፈቱም፣ አይቀመጡም፤ በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ እያሉ ለተጠቃሚው አይታዩም። ሁለተኛ ደረጃ የተባሉት ቀጥታ አይከፈቱም፤ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ መቀመጥ አለባቸው። ይህም ሰውየው ለአፍታ ቆም ብሎ እንዲያስብ፣ የፀረ-ቫይረስ ፕሮግራሙም እንዲያየው ዕድል ይሰጣል። በብዙ ቢሮዎች ዝርዝሩን የመለወጥ ሥልጣን ያለው የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ብቻ ነው። በወቅቱ ብዙ ተጠቃሚ ተቆጥቶ ነበር፤ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ለዘመድ በኢሜይል ለመላክ ሞክሮ የከሸፈበት ሰውም ቁጣውን ይረዳዋል።

ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ሲያድግ እንጂ ሲቀንስ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክሮሶፍት በድር ላይ በሚሠራው አውትሉክ 38 ተጨማሪ ቅጥያዎችን አካተተ፤ ከእነዚህም የፓይተንና የፓወርሼል ፋይሎች ይገኙባቸዋል። በ2025 ሁለት ሌሎች ተጨመሩ። እያንዳንዱ ጭማሪ ከኋላው አንድ ጥቃት እንዳለው መገመት ይቻላል። ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፒ-ዲ-ኤፍና ዚፕ ግን በነባሪው ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ እነርሱን የሚያግድ ቢሮ ሥራውን ማቆም ይኖርበታል።

ስዊትዘርላንድ ይህን ትምህርት የተማረችው በኪሷ በኩል ነው። ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደህንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 ይፋ ያደረገው ዘመቻ የስዊስ፣ የኦስትሪያ፣ የስዊድንና የጃፓን ባንኮችን ደንበኞች ያነጣጠረ ነበር። ኩባንያው ዘመቻውን «ኤመንታል» ብሎ ሰየመው፤ የባንኮቹ መከላከያ እንደ ታዋቂው የስዊስ አይብ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው ለማለት። በባንኮቿ ለምትታወቀው ዙሪክ ስያሜው ደስ የሚያሰኝ አልነበረም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደንበኛው ከታወቀ የችርቻሮ ሱቅ የመጣ የሚመስል ደረሰኝ ይደርሰዋል። አባሪው አር-ቲ-ኤፍ የተባለ ተራ ሰነድ ነው፤ በነባሪው የእገዳ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ያልፋል። ሰነዱ ውስጥ ሌላ ፋይል ተሸጉጧል፤ ደረሰኙን ለማየት እርሱን እንዲጫን ይጋበዛል። የተሸጎጠው ፋይል ሲ-ፒ-ኤል ነው፤ በቀጥታ ቢላክ ኖሮ የሚታገድ ዓይነት። ከተጫነ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ የድረ ገጽ አድራሻዎችን የሚጠይቅበትን ሰርቨር ይለውጣል፣ የሐሰት የምስክር ወረቀትም ይተክላል። ከዚያ ራሱን ያጠፋል። በማግስቱ ኮምፒውተሩን የመረመረ ፀረ-ቫይረስ የሚያገኘው ፕሮግራም የለም። ደንበኛው የባንኩን አድራሻ በትክክል ይጽፋል፣ የቁልፍ ምልክቷንም ያያል፣ የሚገባው ግን ወደ ሌቦቹ ገጽ ነው። ገጹም «ለደህንነትዎ» ብሎ በስልኩ ላይ አንድ መተግበሪያ እንዲጭን ያደርገዋል፤ መተግበሪያው ባንኩ በአጭር መልእክት የሚልከውን የማረጋገጫ ቁጥር ለሌቦቹ ያቀብላል።

የስዊትዘርላንድ ፌዴራል መንግሥት የመረጃ ደህንነት አካል፣ በቀድሞ ስሙ ሜላኒ፣ ለአገሪቱ ድርጅቶች የሚሰጠው ምክር ከዚህ ዓይነቱ ልምድ የተቀዳ ነው። ምክሩ ከአውትሉክ ነባሪ ዝርዝር በሦስት ነገር ይርቃል። አንደኛ፣ እገዳው በሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ደብዳቤው ወደ ድርጅቱ በሚገባበት ሰርቨር ላይ እንዲሆን ይመክራል፤ ያልደረሰ ፋይል ሊከፈት አይችልምና። ሁለተኛ፣ የታገደ ዓይነት ፋይል በዚፕም ሆነ በራር ውስጥ ቢጠቀለል፣ መጠቅለያው በይለፍ ቃል ቢቆለፍም እንኳ፣ እንዲታገድ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ማክሮ ያለባቸው የዎርድ፣ የኤክሴልና የፓወርፖይንት ሰነዶች እንዲመለሱ ይላል። የመንግሥቱ የአደጋ ጊዜ ምላሽ ቡድን የሚታገዱ ቅጥያዎችን ዝርዝር ማንም አስተዳዳሪ ወስዶ ሊጠቀምበት በሚችል ቀላል የጽሑፍ ፋይል አሳትሟል።

በሁለተኛው ነጥብ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የጄኔቫዋ ሠራተኛ የተሸወደችው እዚህ ላይ ነውና። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ለሰርቨሩ የታሸገ ሣጥን ነው። በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ስም አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ ይችላል፤ ይዘታቸውን ግን አይችልም። ቁልፉን እዚያው ደብዳቤ ላይ መጻፍ ደግሞ ምሥጢር ለመጠበቅ አይረዳም፤ ደብዳቤውን የሰረቀ ቁልፉንም አብሮ ሰርቋል። የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርማሪ ማሽንን ለማሳወር። በ2021 መጀመሪያ በበርካታ አገሮች ፖሊሶች የፈረሰው ኤሞቴት የተባለው የወንጀል መረብ ይህንኑ ዘዴ አዘውትሮ ይጠቀም ነበር።

ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ከገንዘብ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2013፣ በሁለት ሰዓታት ጊዜ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን (ኢሳት) ሁለት ሠራተኞች ሦስት ጊዜ የጥቃት ሙከራ ተደረገባቸው። አንዱ በቤልጂየም፣ ሌላው በአሜሪካ ሰሜን ቨርጂኒያ ነበሩ። ለመጀመሪያው የተላከው ለጣቢያው የተጻፈ ጽሑፍ ነው የተባለ ፋይል ነበር፤ መልኩ ፒ-ዲ-ኤፍ፣ እውነተኛ ማንነቱ ግን ፕሮግራም። ቀጥለው የመጡት የዎርድ ሰነዶች ነበሩ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2014 ባወጣው ጥናት፣ ፋይሎቹ የሚተክሉት መቀመጫው ሚላን የነበረው ሃኪንግ ቲም ይሸጠው የነበረውን የስለላ ሶፍትዌር እንደሚመስል ገለጸ። ሶፍትዌሩ ፋይልና የይለፍ ቃል ይሰርቅ፣ የስካይፕ ጥሪም ይጠልፍ ነበር። ተመራማሪዎቹ በ2015 መጋቢት ወር ባወጡት ሁለተኛ ጥናት በአሜሪካ የሚገኙት ጋዜጠኞች እንደገና ኢላማ መሆናቸውን አስታወቁ። በወቅቱ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቃል አቀባይ መንግሥታቸው የስለላ ሶፍትዌር እንደማይጠቀም ተናግረው ነበር። በሐምሌ 2015 የሃኪንግ ቲም የውስጥ ሰነዶች ተሰርቀው በይፋ ሲለጠፉ ግን የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ በደንበኞቹ መካከል ተገኘ።

በሜሪላንድ የሚኖርና በፍርድ ቤት ሰነድ «ኪዳኔ» በሚል መጠሪያ ብቻ የሚታወቅ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ጉዳይም ከአባሪ የተነሣ ነው። አንድ የዎርድ ሰነድ በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፊንስፓይ የተባለውን የስለላ ፕሮግራም ተከለ፤ ፕሮግራሙም የቤተሰቡን የኮምፒውተር አጠቃቀም ለወራት ሲመዘግብ ቆየ። ግለሰቡ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ክሱን ሊያየው እንደማይችል ወሰነ፤ አንዱ ዋና ምክንያት፣ በሕጉ መሠረት ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን ድርጊቱም በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ መሆን ስላለበት ነው። ሰነዱ የተዘጋጀው ሌላ አገር ነው። አባሪ ድንበር ይሻገራል፤ ሕግ ግን ከኋላው ይቀራል።

የቅጥያ እገዳ በእነዚህ ሰዎች ጉዳይ ምን ይጠቅማቸው ነበር? መልሱ የተደባለቀ ነው። በመጀመሪያው የኢሳት ፋይል ላይ በኢሜይል ቢመጣ ኖሮ ነባሪ ዝርዝር ሊያስቀረው ይችል ነበር። ነገር ግን የመጣው በስካይፕ ነው፤ አጥቂው አጥሩ ዝቅ ባለበት በኩል ገባ። ዛሬ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ያንኑ ቦታ ይዘዋል። የዎርድ ሰነዶቹን ደግሞ ዝርዝሩ አያውቃቸውም። የሶፍትዌር ክፍተት የሚበዘብዝ ሰነድ ቅጥያው ንጹሕ ነውና በስሙ ሊያዝ አይችልም፤ የሚያስጥለው ዎርድን ወቅቱን ጠብቆ ማደስ ነው።

ስምን ማመን የራሱ ጣጣም አለው። ዩኒኮድ እንደ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች የሚያገለግል፣ የፊደላትን የአቀማመጥ አቅጣጫ የሚገለብጥ የማይታይ ምልክት አለው። አጥቂ ይህን ምልክት በፋይል ስም መካከል ሲያስገባ፣ በኢ-ኤክስ-ኢ የሚያበቃው ስም ለዓይን በጄ-ፒ-ጂ የሚያበቃ ይመስላል። ማሽኑ ግን አይታለልም፤ የሚያነበው በቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎችም ሌላ ቀዳዳ ይከፍታሉ። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ በኢሜይል ራስጌ ላይ ደግሞ እንደገና በላቲን ምልክቶች ተመስጥሮ ይጓዛል። ስለዚህ ረጅም የአማርኛ ስም ያለው ፋይል በማሳያው ላይ ተቆርጦ ቅጥያው ከዓይን ይጠፋል፤ ስሙን ሳይፈታ የሚያነብ ደካማ ማጣሪያም ቅጥያውን ሊስት ይችላል። የተሻሉት ማጣሪያዎች ለዚህ ነው ከስሙ አልፈው የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች የሚመለከቱት። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሁሉ ስሙ ምንም ቢሆን «ኤም» እና «ዜድ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ ዚፕ በ«ፒ» እና «ኬ»።

አንድ በር በተዘጋ ቁጥር አጥቂዎች ቀጣዩን ይሞክራሉ። ማይክሮሶፍት በየካቲት 2022 ከኢንተርኔት የመጡ ሰነዶች ማክሮ በነባሪነት እንደሚታገድ አስታወቀ፤ በመሃል ለጥቂት ሳምንታት ወላውሎ በሐምሌ ሥራ ላይ አዋለው። ወዲያው አጥቂዎች አይ-ኤስ-ኦ ወደተባሉ የዲስክ ምስሎችና ወደ አቋራጭ ፋይሎች ዞሩ። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ላይ የሚለጥፈው የማስጠንቀቂያ ምልክት በዲስክ ምስሉ ውስጥ ወዳሉት ፋይሎች አይተላለፍም ነበርና። ያም በኅዳር 2022 ሲስተካከል በጥር 2023 የዋንኖት ማስታወሻዎች ተራ መጣ። በጥቅምት 2024 ደግሞ የርቀት ኮምፒውተር ግንኙነት የሚከፍቱ አር-ዲ-ፒ ፋይሎች በብዙ ድርጅቶች ላይ ተላኩ። ይህ ሁሉ ዝርዝሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ርካሹንና ብዙውን ጥቃት ያስቀራል፤ አጥቂውንም ወደ ውድና አስቸጋሪ መንገድ ይገፋል።

ጄኔቫ በዚህ ክርክር ውስጥ የራሷ ልዩ ቦታ አላት። ፕሮቶን ሜይል በ2014 የተጀመረው በሰርን የምርምር ማዕከል በተገናኙ ሰዎች ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚያው ጄኔቫ አጠገብ ፕላን-ሌ-ዋት ውስጥ ይገኛል። ከላኪ እስከ ተቀባይ በተመሰጠረ ደብዳቤ የአገልግሎቱ ሰርቨር ይዘቱን ማንበብ አይችልም። ስለላን ለሚፈራ ጋዜጠኛ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ማንበብ የማይችል ሰርቨር አባሪውንም መመርመር አይችልም። የፍተሻው ሸክም ወደ ተቀባዩ ኮምፒውተር ይወርዳል ማለት ነው። ምሥጠራን የመረጠ ቢሮ እገዳውን በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ አጥብቆ መትከል ይኖርበታል፤ ብዙዎች ግን ምሥጠራው ብቻውን ከቫይረስ የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል።

በሌላ በኩል ኢሜይል ብቸኛው በር አይደለም። መቀመጫው ጄኔቫ የሆነው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በጥር 2022 ከ515 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ እንደተደፈረበት ሲያስታውቅ፣ ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ባልታደሰ የሰርቨር ሶፍትዌር በኩል ነበር። ከተጎጂዎቹ መካከል ከቤተሰቦቻቸው የተለያዩ ስደተኞች ይገኙበታል። ምንም ዓይነት የአባሪ እገዳ ያንን አያስቀረውም ነበር።

የአንድ የማኅበረሰብ ማኅበር ወይም አነስተኛ ቢሮ አስተዳዳሪ ለሆነ ሰው ግን ጥቂት ነገሮች በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቁ ናቸው። በዊንዶውስ የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ ማድረግ የአንዲት ምልክት ጉዳይ ነው። በሰርቨሩ ላይ ከነባሪው ዝርዝር በተጨማሪ የዲስክ ምስሎችን፣ ማክሮ ያለባቸውን ሰነዶችና የተቆለፉ ዚፖችን ማገድ፤ የታገደው ደብዳቤ እንዳይጠፋ አስተዳዳሪው ብቻ በሚያየው የማቆያ ሥፍራ ማስቀመጥ። ከሁሉ በላይ ግን ሠራተኛው ፋይል የሚቀባበልበት የታወቀ ሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ የድርጅቱ የጋራ ማከማቻ፣ ሊኖረው ይገባል። ሕጋዊ መንገድ የሌለው እገዳ ሰዎችን ወደ ተቆለፈ ዚፕና ወደ ግል ኢሜይል ይገፋቸዋል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛውን መውቀስ ተገቢ አይሆንም።

የጄኔቫዋ ሠራተኛም አባሪው ሲታገድባት ለዚያው ደብዳቤ መልስ ከመጻፍ ይልቅ ስልክ ማንሳት ነበረባት፤ መልሱ የሚደርሰው ለላኪው ነውና፣ ላኪው ማን እንደሆነ ደግሞ ገና አልታወቀም። የምትደውለውም በደብዳቤው ግርጌ ወደተጻፈው ቁጥር ሳይሆን፣ ቀድሞ በስልኳ ውስጥ ወደነበረው የዙሪክ ባልደረባዋ ቁጥር ነው።